ቢሊሴ ዝም ያለችባቸው ሠላሳ አንድ ቀናት

ሰሚት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሉዋም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ እስካሁን ዝም ማለቴ አሳፍሮኛል። የእናትሽ እግር እንዴት ሆነላቸው? መቀሌስ ለመደችሽ? «ለምን አትደውይም» ያልሽውን አልረሳሁትም። ስልክ ላይ ቃል እንደሚጠፋኝ ታውቂያለሽ። ወረቀት ግን ቀስ ብዬ ባስብ አይዘጋብኝም።

የልጆቹን ውሎ የምጽፍበትን ደብተር ቀጥዬበታለሁ። እንዲያውም ሁለተኛው ተጋምሷል። እንዳስተማርሽኝ ትንሿ ወንበር ላይ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ ልጁ በእጁ ያደረገውንና ከአፉ የወጣውን እጽፋለሁ። «ጎበዝ» አልጽፍም፤ «አስቸጋሪ» አልጽፍም። ከሥልጠና ይዘሻቸው መጥተሽ ልትጥያቸው የነበሩት ወረቀቶች አሁንም ከእኔ ጋር ናቸው፤ ግማሾቹ ገጽ ስለሚጎድላቸው የጎደለውን ከልጆቹ ነው የምሞላው።

ባለፈው ሳምንት አብኔዘር እጅ መታጠቢያው ጋ ቆሞ ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሲገለብጥ አየሁት። ፈሰሰ። አየውና ደገመው፤ ፈሰሰ። አራት ጊዜ ፈሰሰበት። በአምስተኛው ትንሿ ጠርሙስ ልትሞላ ስትል እጁን ቀና አደረገ። ይህን ጻፍኩና በማግስቱ መጠናቸው የተለያየ አምስት ባዶ ጠርሙሶች ከቤቴ አምጥቼ ልጆቹ ሁሉ እንዲገለብጡባቸው አቀረብኩ። ባንቺ ቦታ የተቀጠረችው መምህርት ሔዋን «እትዬ ፈለቀች፣ ወለሉን ማን ሊያደርቀው ነው?» አለችኝ። «እኔው ነኛ! መቼ ሌላ ሰው አድርቆልኝ ያውቃል?» አልኳት። ሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ክረምት ላይ በወላጆች ፊት የተመረቁት የእንጨት መጫወቻዎች እስከ ዛሬ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ቁልፉ ከርዕሰ መምህርቷ ከወይዘሮ አስመረት ቦርሳ አይወጣም። አንዱ ልጅ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሲያይ «ታቆሽሸዋለህ» ተባለ። እንግዲህ ለማን ተገዛ?

አዲስ ልጅም መጥታለች፤ ቢሊሴ ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቤታቸው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ድሮ እርሻ ከነበረው ሰፈር ነው። ይህች ልጅ ክፍል ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም በየቀኑ ከነሰዓቱ እጽፋለሁ፦ «ስሟ ሲጠራ ቀና አለች። አልተናገረችም።» ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ? ምክርሽን እፈልጋለሁ።

ለምን በድንገት እንደሄድሽ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «እናቷ ታመው ነው» እያልኩ ነው።

ፈለቀች

*

መቀሌ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈለቀች፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለእናቴ ጮክ ብዬ። የአብኔዘር ጠርሙስ ላይ ስደርስ «ሴትዮዋ መምህርት ናት?» አለችኝ። «ከመምህርት ትበልጣለች» አልኳት። እግሯ እየተሻላት ነው፤ በምርኩዝም ቢሆን ደጅ ወጥታ ትቀመጣለች። በእርስዎ በኩል የመጣውን ሰላምታ በደስታ ተቀብላለች።

ስለ ቢሊሴ ለጠየቁኝ፦ የሚያዩትን ብቻ ይጻፉ። ምክንያቱን አይገምቱ። ዝም ካለች «ዝም አለች» ብለው ይጻፉ። ቀኑ ሲበዛ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፤ ለልጅቷ ምን እንደሚያስፈልጋትም ከዚያ ይገኛል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ደብተሩን ደብቀው አይያዙት፤ ለወይዘሮ አስመረት ያሳዩዋት። ከክፍለ ከተማ ለክትትል ሲመጡ እንዲህ ያለ ሥራ የትም አያገኙም። እስከ መቼ ወለል በማድረቅ ብቻ ይታወቃሉ? ስምዎ እንዲነሳ እፈልጋለሁ።

ስለ መሄዴ የጠየቁኝን ዛሬ አልጽፈውም። ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሉዋም

*

ሰሚት፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሉዋም፣

ገናን እንዴት አሳለፋችሁ? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ከረምኩ፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። የላክሽው አጭር ወረቀትም ደርሶኛል። «የየልጁ የምልከታ ፎርም አሁንም እንደ ድሮው ነው ወይ የሚሞላው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ድሮ እንዴት ይሞላ እንደነበረ እኔ ምኑን አውቄ? ያኔ ጓዳ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ስላየሁ እነግርሻለሁ።

ክትትል ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ ልጆቹ እንደተኙ መምህራኑ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው የአራት ወር ፎርም በአንድ ከሰዓት ሊሞላ ነው። የአምናውን ፋይል ከፈቱና ስም እየቀየሩ መገልበጥ ጀመሩ።

«ይሄኛው ምን ይወዳል?»

«አምና እዚህ ላይ የነበረው ልጅ ምን ይወድ ነበር?»

«ኳስ።»

«በቃ ኳስ በይው፣ ምን ትጨነቂያለሽ!»

ተሳሳቁ። እኔ ብርድ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ልጆቹ እዚያው ከእግራቸው ሥር ተኝተዋል እኮ! ቀና ቢሉ ያዩአቸዋል። ቆይተው ቢቀሰቅሷቸው ምን እንደሚወዱ ራሳቸው ይነግሯቸው ነበር። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን አገባኝ ብዬ ማጠፌን ቀጠልኩ።

ደብተሩን ግን እንዳልሽኝ ለወይዘሮ አስመረት አሳየኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ መነጽሯን አወለቀች።

«ፈለቀች! ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«በሰዓት በሰዓት? አንቺ እኮ ጸሐፊ ነሽ! እኔ ጋ ይቆይ፣ ለእንግዶቹ አሳያቸዋለሁ።»

እንግዶቹ አይተው አደነቁ አሉ። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር፤ ረዳቱ «እናት፣ ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?» አለኝ። ምስጋናውን የምልከው ላንቺ ነው፤ አንቺ ባትገፊኝ አላሳየውም ነበር። ደብተሩ እስካሁን ባይመለስልኝም ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ።

ቢሊሴ ያው ናት።

ፈለቀች

*

ሰሚት፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉዋም፣

ዛሬ ሰላምታውን ለእናትሽ ብቻ ስጪልኝ። «ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው?» ብለሽ ጽፈሻል። የሆንኩትን ስሚ።

የቢሊሴ እናት ተጠራች። ለአንድ ሰዓት ፈቃድ ለምና፣ የፋብሪካውን ጋዋን ሳታወልቅ መጣች። እኔ ወንበር እንዳስገባ ተጠርቼ ገባሁ፤ ከዚያ «ቁሚ» ተባልኩ። ወይዘሮ አስመረት ደብተሬን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። «ኅዳር 5፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አልተናገረችም። ኅዳር 6፣ አልተናገረችም።» እንደ ዳዊት ደገመችው። ሠላሳ አንድ ቀን! አንዱንም አልዘለለችም። ስትጨርስ ደብተሩን ዘጋችው።

«ይህን የጻፍነው እኛ አይደለንም፤ ከልጆቹ ጋር የምትውለው ሞግዚት ናት። ልጅሽ ችግር አለባት። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሆን መምህር የለንም፤ ሌሎቹም ወላጆች ይጠይቁናል። እስከ ፋሲካ ትቆይ። ከዚያ በኋላ አታምጫት።»

እናትየዋ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ፦

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ሠላሳ አንድ ቀን ሙሉ ስታይያት፣ አንድ ቀን በቋንቋዋ አናገርሻት?»

ኦሮምኛ አልችልም፤ ግን ከሚችል ሰው አንዲት ቃል ተምሬ «ነይ» ልላት እችል አልነበር?

«ቤት ውስጥ እኮ አፏ አይዘጋም፤ ዝም በይ እያልኩ ነው የማስተኛት» ብላኝ ወጣች።

ተከትያት እስከ በሩ ሄድኩ። ጥበቃው ጋሽ ሞሲሳ ነገሩን ሲሰማ ዱላውን ጣለ። «ማን? ቢሊሴ? ጠዋት ጠዋት እኔን በወሬ የምታደርቀኝ?» አለ። የፋብሪካው ሰርቪስ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚነሳ እናትየዋ ልጅቷን ከዚያ በፊት አምጥታ እሱ ጋ ነው የምትተዋት። ክፍል እስኪከፈት ከአንድ ሰዓት በላይ ከእሱ ጋር በኦሮምኛ ስታወራ ትቆያለች። እኔ በዚያ ሰዓት በኋላ በር ገብቼ ጓዳ ፖፖ እያጠብኩ ነው። በሩን አንድ ቀን አላየሁትም። ያላየሁትንም አልጻፍኩም፤ አንቺ እንዳልሽኝ!

«የሚያዩትን ብቻ ይጻፉ» አልሽኝ። የት ቆሜ እንደማይ ለምን አልጠየቅሽኝም? «ያሳዩ» አልሽኝ፤ አሳየሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ያየሁትን የልጅቷ ሙሉ ታሪክ አድርገው አነበቡት። በእኔ እጅ ጽሑፍ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ልትባረር ነው። ሌሊቱን ሳስበው እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ገና አልጨረስኩም። ጠረጴዛው ላይ የቢሊሴ ፎርም ነበር፤ ወንበሩን ሳወጣ አነበብኩት። «አሸዋ ላይ መጫወት ትወዳለች። ሐሳቧን በቃል ለመግለጽ ትቸገራለች።» አሸዋ! የአሸዋው ቦታ ሲሚንቶ ከተደረገበት ሁለት ዓመቱ ነው፤ የወይዘሮ አስመረት መኪና ይቆምበታል። ቢሊሴ በዚህ ግቢ አሸዋ አይታ አታውቅም። የአምናውን ፋይል ገልጬ አየሁ፤ ያው አሸዋ አለ። የካቻምናውን ገለጥኩ፤ እዚያም አሸዋ አለ፣ ያውም በማውቀው የእጅ ጽሑፍ።

ያ ጽሑፍ ያንቺ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ብቻ መልሺልኝ።

ፈለቀች

*

መቀሌ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈለቀች፣

የእኔ ነው።

አሸዋው በነበረ ጊዜ ለአንድ ልጅ ከልቤ ጻፍኩት፤ ያኔ እውነት ነበር። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ክትትል ሲደርስብን ለሌላው ገለበጥኩት። ከዚያ ለሁሉም። ጠረጴዛውን የከበብነውም፣ የሳቅነውም እኛ ነበርን። ልጆቹም ያኔ እንደዚሁ ከእግራችን ሥር ተኝተው ነበር። ሥልጠና ሄጄ ምልከታ እንዴት እንደሚደረግ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለእርስዎ ሳስተምር የነበረው እኔ ያላደረግሁትን ነው።

የሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ምንጭ ደግሞ ልንገርዎት። ቀነኒሳ የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የእሱ ፎርም ላይ አንድ መስመር ባዶ ቀረ፤ ባዶ መስመር ያስጠይቃል። «ሐሳቡን በቃል ለመግለጽ ይቸገራል» ብዬ ሞላሁት። ይቸገር እንደሆነ አላውቅም፤ አጠገቡ ተቀምጬ አላውቅም። በዚያ ወረቀት ምክንያት ለአንደኛ ክፍል አልደረሰም ተባለ፤ ቤተሰቦቹም አስወጡት። እናቱ በር ላይ ጠብቃ «ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። በሁለተኛው ሳምንት መልቀቂያ አስገባሁ። እናቴ ታማ ነበር፤ እሱ ውሸት አይደለም። ባትታመምም ግን እሄድ ነበር።

ቢቆጡኝ ይገባኛል። ግን ደብተርዎን አይተዉ። አሁን በሩ ጋ ይቁሙ። ጓዳውን ለሦስት ጠዋት ለሌላ ሰው ይስጡና ከጋሽ ሞሲሳ አጠገብ ተቀምጠው ይጻፉ። የምትናገረውን እሱ ይተርጉምልዎት። ከዚያ ያዩትን ወደ ክፍል ያስገቡት።

አንድ አደራ አለኝ፤ ሳስበው ያሳፍረኛል። እዚህ አንድ አጸደ ሕፃናት ለመቀጠር አመልክቻለሁ፤ የሥራ ልምድ ወረቀት ከወይዘሮ አስመረት ነው የምጠብቀው። ስሜን እባክዎ እንዳያነሱት።

ሉዋም

*

ሰሚት፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉዋም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ምን እንደምልሽ ስላላወቅሁ አልመለስኩልሽም። ዛሬም አላውቅም፤ የበሩን ጉዳይ ብቻ ልጻፍልሽ።

ቆምኩ። ሦስት ጠዋት ሳይሆን ስድስት። የጻፍኩትን ልገልብጥልሽ፦

«አንድ ሰዓት ከአሥር። ቢሊሴ ከጋሽ ሞሲሳ ጋር በሩ ውስጥ ተቀምጣለች። መኪና ቆመ፤ ሹፌሩ ምሳ ዕቃ አቀበለ። ቢሊሴ ተቀበለች፣ አየችው፣ ‘አብኔዘር’ አለች። ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ሁለተኛ ምሳ ዕቃ መጣ፤ ከመጀመሪያው አራቀችው። ሦስተኛው መጣ፤ ከአብኔዘር አጠገብ። ጋሽ ሞሲሳን ለምን እንደምታራርቃቸው ጠየቅሁት። በኦሮምኛ ጠየቃት። ‘ይሄ የትልልቆቹ ነው፣ ይሄ የእኛ ነው፣ ይሄ ገና የሚያለቅሱት ነው’ አለች። ሦስት ረድፍ። አሥራ አንድ ምሳ ዕቃ። አንድም አልተሳሳተችም።»

ሉዋም፣ ይህች ልጅ የክፍሏን ልጆች በሙሉ በስም ታውቃለች። ማን በማን መኪና እንደሚመጣ፣ ማን በእግሩ እንደሚመጣ፣ የማን አባት እንደሚቆጣ ታውቃለች። ምሳ ዕቃውን ወደ ክፍል የሚያስገባው ሥራ የእኔ ነበር፤ አራት ወር ሙሉ በረድፍ ተደርድሮ ሳገኘው ጋሽ ሞሲሳ ጥንቁቅ ሰው ነው እያልኩ አመሰግነው ነበር። እሱም አንድ ቀን «እኔ አይደለሁም» አላለኝ! ብቆጣው «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃውን እኔ ማደሉን ትቼ ክፍሉ መሐል አስቀመጥኩት። ከጋሽ ሞሲሳ በተማርኩት ቃል «ኮቱ» አልኳት፣ ነይ ማለት ነው። ተነሳች። እያንዳንዱን አንስታ ለባለቤቱ ወስዳ ሰጠች። ሔዋን አፏን ከፍታ ቀረች። አብኔዘር፣ ያ ተንኮለኛ፣ የጎረቤቱን ነጥቆ «የኔ ነው!» አለ። ቢሊሴ ወገቧን ይዛ «ለኪ!» አለችው፣ አይደለም ማለት ነው። ከእጁ ወስዳ የተሰነጠቀችውን የራሱን ሰጠችው። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀኑን ሙሉ «ለኪ፣ ለኪ» ሲባባሉ ዋሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማደሉ የእሷ ሆኗል። ሌሎቹ ደግሞ የምሳ ዕቃ ክዳንና ሣጥን እያዛመዱ በመጠን ይደረድራሉ፤ ያን ጨዋታ ከእሷ አይቼ ያዘጋጀሁት ነው።

ይህን ይዤ ወይዘሮ አስመረት ዘንድ ገባሁ። አነበበችው። ክፉ ሴት አይደለችም ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ አሁንም አንዳንዴ አስባለሁ።

«ፈለቀች፣ እንግዶቹ የቀድሞውን ደብተር አይተው አመስግነውኛል። ፎርሙም ተወስዷል። አሁን ሁሉም ልክ አልነበረም ብል እኔ ምን እባላለሁ?» አለች። ከዚያ ወረቀት አወጣች፤ ተተይቦ አልቋል። «ስለ ተማሪ ቢሊሴ የጻፍኩት በሚገባ ሳልመለከት በመሆኑ ስህተት ነው» ይላል። «በእናቷ ፊት ትፈርሚያለሽ፤ ልጅቷ ትቀጥላለች። ካልፈረምሽ ያልነው ነው፣ እስከ ፋሲካ።»

ፎርሙስ? ስለ ፎርሙ አንድ ቃል የለም። አሸዋውስ? የለም። ጥፋቱ ሁሉ ፖፖ በምታጥበው ላይ ያርፍና ሌላው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ወረቀቱ ሙሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። በሚገባ አልተመለከትኩም። ይህን ለቢሊሴ እናት እፈርማለሁ፤ ለወይዘሮ አስመረት መሸፈኛ እንዲሆን ግን እንዴት ልፈርም?

ምክር እየጠየቅሁሽ አይደለም። ምክርሽን አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ፈለቀች

*

ሰሚት፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉዋም፣

እንኳን አደረሳችሁ። በበዓሉ ማግስት የላክሽው ደርሶኛል፤ «ፈረሙ ወይስ አልፈረሙም?» ብለሻል። ፈረምኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

የተጠራነው ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው፤ ወይዘሮ አስመረት፣ ሔዋን፣ የቢሊሴ እናትና እኔ። ወረቀቱ ቀረበልኝ። ብዕሩን ይዤ ከመፈረሜ በፊት ለእናትየዋ ተናገርኩ።

«ሠላሳ አንድ ቀን ዝም አለች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያየሁት ነው። ግን የቆምኩበት ቦታ ልክ አልነበረም፤ በቋንቋዋም አላናገርኳትም። በድዬሻለሁ። የምፈርመው ለዚህ ነው፣ ለራሴ ጥፋት ብቻ።» ይህንኑ ከተተየበው በታች በእጄ ጻፍኩና ፈረምኩ። ወይዘሮ አስመረት «ማን ጨምሪ አለሽ?» አለች። እኔ ወረቀቱን ለእናትየዋ አቀበልኳት።

እናትየዋ ወረቀቱን አነበበችው። ቀስ እያለች፣ በጣቷ እየተከተለች። ከዚያ ፎርሙን አነሳች።

«ይህቺ ስህተቷን ፈርማለች። ይሄንን የሞላው ማነው?»

ሁላችንንም በተራ አየችን።

«እኛ ፋብሪካ ኪስ የሚሰፋ ሰው ቁጥር አለው። ኪሱ ተቀዶ ቢመለስ ማን እንደሰፋው ይታወቃል። ለሱሪ ኪስ! የልጄን ስም የጻፈ ሰው ቁጥር የለውም?»

«እናት፣ ቁጣው አያስፈልግም፤ ልጅሽ ትቀጥላለች ተብሏል እኮ» አለች ወይዘሮ አስመረት።

«አሸዋ ትወዳለች ይላል። አሸዋው የት ነው? አሳዩኝና ልሂድ።»

ሔዋን ነበረች የተናገረችው። ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ «እኔ ነኝ የሞላሁት። ከአምናው ገልብጬ ነው» አለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመምህራኑ ሁሉ ቀድማ እውነቱን አወጣችው። ወይዘሮ አስመረት በመስኮት ወደ መኪናዋ ማየት ጀመረች።

እናትየዋ ፎርሙን ለሁለት ቀደደችና «አሁን በፊቴ ሙሉት» አለች። ሔዋን ባዶ ፎርም አወጣች። «ምን ትወዳለች?» የሚለው ላይ ደርሳ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ጋሽ ሞሲሳ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ በዚያ ቢሮ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

«ማዘዝ ትወዳለች» አለ። «ጻፊው፣ ምን ታዪኛለሽ? ዕቃ በወገን በወገኑ መለየት ትወዳለች። ሌላ ሰው ሲያበላሽባት አትወድም። የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ እጁን ይዛ ታስገባለች። ስትዋሽ ታውቂባታለሽ፣ ትስቃለች።»

«ቀስ በሉ ጋሼ፣ አልደረስኩም!» አለች ሔዋን። እናትየዋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ቢሊሴ ከፋሲካ በኋላ ተመልሳለች። ትናንት በአማርኛ «ፈለቀች፣ እጅሽ ቆሽሿል» አለችኝ። ያለ «እትዬ»።

እኔ ግን ከክፍል ወጥቻለሁ። ወይዘሮ አስመረት «ሞግዚት መጻፍ ሥራዋ አይደለም» ብላ ጓዳ መልሳኛለች፤ ሦስቱን ደብተሮችም ወስዳቸዋለች። የሌሎቹ ልጆች ፎርም እንደተገለበጠ ነው፤ ለአንዱም ማንም አልተጠየቀም። ሔዋን በምሳ ሰዓት ጓዳ እየመጣች ያየችውን ትነግረኛለች። «የት ቆመሽ ነው ያየሽው?» እላታለሁ። ትናደዳለች፤ ግን ሄዳ እንደገና ታያለች።

አደራሽን ጠብቄያለሁ። ስምሽን አላነሳሁም፤ ስትጠየቅ ሔዋንም «ከአምናው» ብላ አቆመች፣ ከዚያ በፊት የነበረውን አታውቅም። የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ይደርስሻል። ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ በመጨረሻው ወረቀትሽ ለምነሽኛል። እኔን አልበደልሽኝም፣ ሉዋም። እኔን ማየትና መጻፍ ነው ያስተማርሽኝ። ይቅርታው በእኔ እጅ የለም።

ጋሽ ሞሲሳን ጠየቅሁት። የቀነኒሳን እናት ያውቃታል፤ ከለሚ ወዲያ ያለው ሰፈር ነው ቤቷ፣ ልጁም እስካሁን ትምህርት ቤት አልገባም አለኝ። ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። በአንቺ እጅ ጻፊላትና በእኔ በኩል ላኪው። ቅዳሜ ቅዳሜ እረፍት ነኝ፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ በእጇ እሰጣታለሁ፣ ማንበብ ካልቻለችም አነብላታለሁ። ሉዋም ተጸጽታለች ብዬ በቃሌ ግን አልነግርልሽም።

ፈለቀች